ባዝራዬ ከጨነገፈች ወዲህ ድንጉላ አታስቀርብም፤ የሆርሞን መርፌ ላስወጋት?

የአምባ ጊዮርጊሱ | ጥር 16፣ ምሽት

እንዴት ሰነበታችሁ ወገኖች። ያለሁት ወገራ ነው፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ። ባዝራ የማረባው ለፈረስም ለበቅሎም ነው። ከባዝራዎቼ አንዷ ዳማ ናት፣ ጥሩ ወላጅ። ዘንድሮ ከመስቀል ማግስት በጎረቤት ድንጉላ አስጠቃኋት፣ ያዘች። ኅዳር መጨረሻ ላይ ግን ጨነገፈች። ጠዋት በረቱ ውስጥ ትንሽ ሽል ወድቆ አገኘን።

ከዚያ ወዲህ ድንጉላው ሲጠጋት ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ትራገጣለች። አንድም ቀን መፈለግ አላሳየችም። መድኃኒት የሚሸጥ አንድ ሰው «ለበግ የሚሰጥ ፒ ኤም ኤስ ጂ የሚባል ሆርሞን አለ፣ አንዴ ብትወጋ በሳምንቱ ትፈልጋለች» አለኝ። ሌላው ደግሞ ኢስትሮጅን ይሻላል ይላል። ዋጋው ቀላል አይደለም። ከዋጋው በላይ ግን የምሳሳው ለባዝራዋ ነው። የምታውቁ ምከሩኝ።

ባለጋሪ ኮላድባ | ጥር 16፣ ምሽት

ወንድሜ፣ ተጠንቀቅ። የእኔ ጋሪ ጎታች ባዝራ ናት። አምና መፈለግ አቆመች ብዬ አንድ ቦታ ወሰድኳት። መርፌ ወጓት። በማግስቱ ድንጉላ ባየች ቁጥር ጭራዋን አንሥታ መንገድ መሀል መቆም ሆነ። አስጠቃኋት፣ አልያዘችም። ደግሜ አስጠቃኋት፣ አልያዘችም። የተወጋችው ምን እንደሆነ ጠርሙሱን እንኳ አላሳዩኝም።

ሐኪም ከአዘዞ | ጥር 16፣ ሌሊት

ለጊዜው ምንም አታስወጋት። መጀመሪያ እነዚህን ንገረኝ። እንግዴ ልጁ አብሮ ወጥቷል? ከብልቷ የሚወርድ ሽታ ያለው ፈሳሽ አለ? ጎድኗ ከሩቅ ይቆጠራል ወይስ ሥጋ አላት? ምን ትበላለች?

ባለጋሪ፣ ያንተንም እመለስበታለሁ። የተወጋችው ምን እንደሆነ ከምልክቱ መገመት ይቻላል።

የአምባ ጊዮርጊሱ | ጥር 17፣ ጠዋት

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዴ ልጁ አብሮ ወጥቷል። ፈሳሽ የላትም፣ አልታመመችም፣ ትበላለች። ሥጋዋ ግን ቀንሷል። ጎድኗ መታየት ጀምሯል። የምትበላው ገለባ ነው፣ የገብስና የባቄላ። ግጦሹ ደርቋል።

ሐኪም ከአዘዞ | ጥር 17፣ ከሰዓት

መልስህ ብዙ ረድቶኛል። ሳላያት መማል አልችልም። ግን የተናገርከው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመለክታል። ሁለት ወር ካለፋት በኋላ የጨነገፈች ባዝራ ቶሎ ወደ ስሪያ አትመለስም። ይህ የታወቀ ነው፣ ምክንያትም አለው።

ባዝራ ባረገዘች ከ36 እስከ 38 ቀን ባለው ጊዜ ከሽሉ ሽፋን የተነሡ ሴሎች የማህፀኗን ግድግዳ ሰርስረው ይገባሉ። እዚያው ሰፍረው ኢንዶሜትሪያል ካፕ የሚባሉ እብጠቶች ይሠራሉ። ሽሉ ቢሞትም እነሱ አብረውት አይሞቱም። ከእርግዝናው መጀመሪያ እስከ 120 ቀን ገደማ ይቆያሉ፣ አንዳንዴም ያልፋሉ። ከመስቀል ማግስት ጀምረህ ብትቆጥር ያንተ ባዝራ ገና አሁን ነው እዚያ የደረሰችው።

ካፖቹ ኢ ሲ ጂ የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ። ፒ ኤም ኤስ ጂ ያሉህ የዚሁ የቀድሞ ስም ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. ኮል እና ሃርት የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች እርጉዝ ባዝራ ደም ውስጥ አገኙት። እስከ ዛሬም በብዛት የሚሠራው ከእርጉዝ ባዝራ ደም ነው። ልብ በል፣ ያ ሰው ሊሸጥልህ ያሰበው ባዝራህ ራሷ ስታመርተው የከረመችውን ነው። ለበግና ለላም ሲወጋ የእንቁላል ከረጢት ያሳድጋል። ባዝራ ላይ ግን የሚሠራው እንቁላል እንደሚያስወጣው ሆርሞን፣ እንደ ኤል ኤች ብቻ ነው። አዲስ ከረጢት አያሳድግላትም።

እንዲያውም የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ኦቫሪዋ (የእንቁላል ማፍሪያዋ) ላይ ያሉትን ከረጢቶች ወደ ቢጫ አካል ይለውጣቸዋል። ቢጫ አካል እንቁላል ከወጣች በኋላ በቦታዋ የሚቀረው፣ ፕሮጄስትሮን የሚያመርተው ነው። የባዝራ አንጎል ልጓሙ ፕሮጄስትሮን ነው። ፕሮጄስትሮን ከፍ ባለ ጊዜ ኤል ኤች ይወርዳል፣ ባዝራዋም ወንድ አታስቀርብም። ጆሮዋን የምትጥለው፣ የምትራገጠው ለዚህ ነው። ሰውነቷ ገና እርጉዝ እንደሆነች ነው የሚያስበው።

ስለዚህ ምክሬ መጠበቅና መመገብ ነው። የካቲትን አሳልፋት። ገብስ ጨምርላት፣ ጥሩ ድርቆሽ ካገኘህም አትሰስት። ጨውና ውሃ በየቀኑ። እስከ መጋቢት አጋማሽ ምንም ካላሳየች አምጣትና በአልትራሳውንድ እንያት።

ባለጋሪ፣ ያንተ ደግሞ ኢስትሮጅን ይመስለኛል። ኢስትሮጅን ባዝራን ወንድ እንድትፈልግ ያደርጋታል። ጭራ ታነሣለች፣ ትሸናለች፣ ትቆማለች። ኦቫሪዋ ላይ የበሰለ ከረጢት ከሌለ ግን የምትወጣ እንቁላል የለችም። እንቁላል ከሌለች ደግሞ ድንጉላው ቢደጋግማትም አትይዝም። ኦቫሪዋ በቀዶ ጥገና የወጣላት ባዝራ እንኳ ኢስትሮጅን ብትወጋ ለድንጉላ ትቆማለች። የዘር ፈሳሽ በሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው።

የቴዎድሮስ ግቢ ተማሪ | ጥር 17፣ ምሽት

ዶክተር፣ ጥያቄ አለኝ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። የተማርነው በብዛት በላም ነው። ፕሮጄስትሮን ሲወርድ ኢስትሮጅን ይወጣል። ኢስትሮጅን ጫፍ ሲደርስ ኤል ኤች በአንዴ ይለቀቃል፣ በጥቂት ሰዓታትም ያበቃል። ከዚያ እንቁላል ትወጣለች። ባዝራም እንደዚያ ናት? እርስዎ «ልጓሙ ፕሮጄስትሮን ነው» ብለው ኢስትሮጅንን ሁለተኛ ቦታ ያስቀመጡት መሰለኝ።

ሐኪም ከአዘዞ | ጥር 18፣ ጠዋት

ጥሩ ጥያቄ ነው። ባዝራ እንደ ላም አይደለችም። በመስኩም ብዙ ሰው የሚሳሳተው የላምን ነገር ባዝራ ላይ ሲያደርግ ነው።

የባዝራ ዑደት 21 ወይም 22 ቀን ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ከ5 እስከ 7 ቀን ወንድ ትፈልጋለች። የቀረው ፕሮጄስትሮን የነገሠበት ነው። እስካሁን ከላም ጋር ያለው ዋና ልዩነት የመፈለጊያው ጊዜ ርዝመት ነው፤ ላም ከአንድ ቀን አታልፍም። ኤል ኤች ላይ ግን መንገዳቸው ይለያያል። በባዝራ ኤል ኤች በአንድ ጊዜ አይወጣም። ፕሮጄስትሮን ከወረደ በኋላ ቀን በቀን እየጨመረ ይሄዳል። ይባስ ብሎ ጫፍ የሚደርሰው እንቁላል ከወጣች በኋላ ነው፣ አንድ ቀን ያህል አልፎ። ከዚያም ለመውረድ ቀናት ይፈጅበታል።

ኢስትሮጅን ደግሞ ጫፍ የሚደርሰው እንቁላል ከመውጣቷ ሁለት ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። እንግዲህ ኢስትሮጅን መውረድ ከጀመረ በኋላም ኤል ኤች መውጣቱን ይቀጥላል ማለት ነው። ስለዚህ የባዝራውን ኤል ኤች ኢስትሮጅን ብቻውን የሚያስነሣው ነው ማለት አይቻልም። ዋናው የፕሮጄስትሮን መውረድ ነው። ኢስትሮጅን የሚያደርገው ፒቱታሪው፣ ከአንጎል ሥር ያለው ሆርሞን አመንጪ፣ ኤል ኤች በብዛት እንዲሠራና እንዲያከማች ማገዝ ነው። አዲሱ ቢጫ አካል ተደራጅቶ ፕሮጄስትሮን ሲያፈስ ደግሞ ኤል ኤች ተመልሶ ይጨቆናል።

ከረጢት የሚያሳድገው ሆርሞን፣ ኤፍ ኤስ ኤች፣ ሌላ ነው። እሱን የሚያወርዱት ኢስትሮጅንና ኢንሂቢን አንድ ላይ ሆነው ነው። ሁለቱም ከትልቁ ከረጢት ነው የሚመጡት። አንዱ ከረጢት ሲያድግ ሌሎቹ የሚቀጭጩት ለዚህ ነው። አየህ፣ ያው ኢስትሮጅን በዚያው ሰዓት ኤል ኤችን ሲያግዝ ኤፍ ኤስ ኤችን ያወርዳል። «ኢስትሮጅን ሆርሞን ያስለቅቃል ወይስ ይከለክላል?» ብሎ የሚጠይቅ ፈተና ቢመጣብህ መልሱ የትኛው ሆርሞን እንደሆነ፣ የዑደቱ የትኛው ቀን እንደሆነ ይለያያል።

የቴዎድሮስ ግቢ ተማሪ | ጥር 18፣ ከሰዓት

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ስቴሮይዶቹ፣ ማለትም ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን፣ ጂ ኤን አር ኤች (ኤል ኤችንና ኤፍ ኤስ ኤችን የሚያስለቅቀውን ሆርሞን) በሚያመነጩት የአንጎል ሴሎች ላይ በቀጥታ ነው የሚሠሩት? ሁለተኛ፣ ይህ ሁሉ ከደም ናሙና እንዴት ይታወቃል? ጂ ኤን አር ኤች እኮ ክንድ ላይ ከሚወሰድ ደም ውስጥ አይገኝም ይባላል።

የጎንደር ልጅ ከኬንታኪ | ጥር 19፣ ሌሊት

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር አራዳ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አሁን ኬንታኪ ውስጥ የፈረስ ማርቢያ ላይ ነው የምሠራው። ዶክተር ከፈቀዱልኝ የተማሪውን ሁለተኛ ጥያቄ እኔ ልመልስ። ይህን ታሪክ ስለምወደው ነው።

እውነት ነው፣ ጂ ኤን አር ኤች ሃይፖታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ወጥቶ ፒቱታሪ ጋ የሚደርሰው በአጭር የደም መስመር ነው። ወደ ሰፊው ደም ሲቀላቀል ይጠፋል። በበግ እሱን ለመለካት ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። በፈረስ ግን የአፈጣጠሩ ነገር ረድቷል። ከፒቱታሪ የሚወጣው ደም የሚያልፍበት ቧንቧ ከፊት ደም ሥር ጋር ይገናኛል። ኒውዚላንድ ያሉ ኧርቪን እና አሌክሳንደር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1987 እ.ኤ.አ. ቀጭን ቱቦ በፊት ደም ሥር አስገብተው እዚያ ድረስ ማድረስ እንደሚቻል አሳዩ። ባዝራዋ አትደነዝዝም፣ ቆማ ድርቆሽ እየበላች ደሙ ይወሰዳል። ከፒቱታሪ የሚወጣው ኤል ኤችና ኤፍ ኤስ ኤች፣ የሚገባው ጂ ኤን አር ኤችም እዚያው ይለካል።

በዚህ መንገድ ምን ታየ? ፕሮጄስትሮን ከፍ ባለበት ጊዜ ጂ ኤን አር ኤች የሚለቀቅበት ምት በጣም የተራራቀ ነው። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚሆንበት አለ። እንቁላል ሊወጣ ሲል ግን ምቱ ተደጋጋሚ ይሆናል። ፕሮጄስትሮን የሚይዘው እንግዲህ በዋናነት የምቱን ድግግሞሽ ነው። ዘገም ያለ ምት ለኤፍ ኤስ ኤች ይመቻል፣ ፈጣኑ ደግሞ ለኤል ኤች።

ሐኪም ከአዘዞ | ጥር 19፣ ጠዋት

ወንድሜ ከኬንታኪ፣ አንተ ከተናገርከው የምጨምረው የለኝም።

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። ጂ ኤን አር ኤች የሚያመነጩት ሴሎች ዋናው የኢስትሮጅን ተቀባይ የላቸውም። ይህ ለብዙ ዓመት እንቆቅልሽ ነበር። ጂ ኤን አር ኤች ራሱ ምን እንደሆነ በ1971 እ.ኤ.አ. ሻሊ እና ጊየማን አወቁት፣ በ1977ም ኖቤል ተሸለሙ። ኢስትሮጅን በምን በኩል እንደሚያዘው ግን ገና አልታወቀም ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ኪስፔፕቲን የሚባለው ለመራባት አስፈላጊ መሆኑ ተረጋገጠ። ኪስፔፕቲን የሚያመነጩት ሴሎች የስቴሮይድ ተቀባይ አላቸው። የኦቫሪውን መልእክት የሚቀበሉት እነሱ ናቸው፣ ለጂ ኤን አር ኤች ሴሎችም ያስተላልፋሉ። ባዝራም ላይ ተሞክሯል። ኪስፔፕቲን ስትወጋ ኤል ኤችና ኤፍ ኤስ ኤች ይወጣሉ። አንድ መርፌ ግን እንቁላል ለማስወጣት አልበቃም። ባዝራ ኤል ኤች ለቀናት እንደምትፈልግ ካሰብክ አያስገርምም።

የደባርቁ አባት | ጥር 19፣ ምሽት

ልጆቼ፣ እኔ የተማርኩ አይደለሁም። ልጄ ነው የሚያነብብልኝና የሚጽፍልኝ። ከፈረስ ጋር ግን ነው ያረጀሁት። አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባዝራ በወለደች በሳምንቱ አካባቢ ውርንጭላው ይቀዝናል። በዚያው ሰሞን እናቲቱ ድንጉላ ትፈልጋለች። እኛ በዚያ ጊዜ እናስጠቃ ነበር። ብዙዎቹ ይይዛሉ፣ አንዳንዶቹ ይስታሉ። ሌላ ደግሞ፣ ክረምቱ አልፎ ሣር ሲበዛ ነው ባዝራዎቻችን የሚፈልጉት። በበጋ ጫፍ የከሳች ባዝራ ዝም ትላለች። ፈረንጆቹ ደግሞ በፀሐይ ነው ይላሉ አሉ። እውነት ነው?

ሐኪም ከአዘዞ | ጥር 20፣ ጠዋት

አባታችን፣ ዕድሜ ይስጥልን። ያዩት ልክ ነው። ከወሊድ በኋላ ከ5 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ባዝራ ትመለሳለች። በእርግዝናዋ መጨረሻ ደሟ ውስጥ የስቴሮይድ ሆርሞን ብዙ ነው። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ምንጩ በአንዴ ይቋረጣል። ኤፍ ኤስ ኤች በወሊድ አካባቢ ከፍ ብሎ ስለሚቆይ ከረጢት ወዲያው ያድጋል። ኤል ኤች ደግሞ ስቴሮይዱ ሲወገድለት ቀስ እያለ ይመጣል። የሚስቱት ግን ማህፀናቸው ገና ስላልጸዳ ነው። ምጥ የጠናባት፣ እንግዴ ልጇ የዘገየባት ባዝራ ከሆነች ያን ጊዜ አሳልፎ ቀጣዩን መጠበቅ ይሻላል።

የፀሐዩን ነገር ለኬንታኪው ልጅ ልተውለት። እዚያ በየዓመቱ የሚያየው እሱ ነው።

የጎንደር ልጅ ከኬንታኪ | ጥር 21፣ ሌሊት

አባባ፣ እንደምን አሉ። የፀሐዩ ነገር እውነት ነው፤ ግን እንደ አገሩ ነው። እኔ ያለሁበት በታኅሣሥ የቀኑ ርዝመት ከ9 ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም። በሰኔ ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል። ሌሊቱ ሲረዝም ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን ለረጅም ሰዓት ይወጣል። በዚህ ጊዜ የብዙዎቹ ባዝራዎች ኦቫሪ ይተኛል። ስለዚህ በበረዶው ወራት በረት ውስጥ መብራት እናበራለን። በቀን 16 ሰዓት ብርሃን እንዲያገኙ እናደርጋለን። ሁለት ወር ከዚያም ትንሽ በላይ ይፈጃል።

ጎንደር ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ያን ያህል ልዩነት ባዝራን እንደ እኛ አገር አያስተኛም። ስለዚህ የሚወስነው እርስዎ ያሉት ነው፣ ሣሩ። የከሳች ባዝራ አንጎሏ መራባትን ያቆየዋል።

ለተማሪው አንድ ነገር ልንገረው። ኦቫሪያቸው የወጣላቸው ባዝራዎች ላይ ኤል ኤች ሲለካ ቀኑ በሚረዝምበት ወራት ከፍ፣ በብርድ ዝቅ ይላል። ኦቫሪ የለም፣ ስቴሮይዱም ከኦቫሪ አይመጣም። ቢሆንም ወቅቱ ይቆጣጠረዋል። እዚያው ባዝራ ላይ ፕሮጄስትሮን ብትሰጥ ኤል ኤች ይወርዳል፣ ኢስትሮጅን ብትሰጥ ይጨምራል። ስለዚህ ሁለት እጅ አለ፣ አንዱ የወቅቱ፣ ሌላው የስቴሮይዱ። በብርድ ወራት ፒቱታሪው ራሱ ከኤል ኤች የተራቆተ ነው። በዚያን ጊዜ ፕሮጄስትሮን ሰጥተህ ብታቋርጥ ከፍ የሚል ኤል ኤች የለም።

ጎንደር እኮ ለፈረስ መቃብር የተሠራባት ከተማ ናት። ፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለው፣ የዞብል ነው የሚባለው። ፈረስን እንዲህ ያከበረ አገር ባዝራውን በማያውቀው መርፌ ሲጎዳ ማየት ያሳዝነኛል።

የአይከሏ | ጥር 22፣ ከሰዓት

ዶክተር፣ የእኔ ደግሞ ሌላ ነው። ባዝራችን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጠባይዋ ተለወጠ። እንደ ድንጉላ ሌሎች ባዝራዎች ላይ ትወጣለች፣ አንገቷ ወፈረ፣ ሰው ትነክሳለች። ሰዎች ቡዳ ነው፣ ዐይን ነው ይሉናል። መርፌ አልሰጠናትም።

ሐኪም ከአዘዞ | ጥር 22፣ ምሽት

እህቴ፣ ይህን አትቆዩበት። መጀመሪያ የሚጠረጠረው በአንዱ ኦቫሪ ላይ የሚያድግ ዕጢ ነው። በባዝራ ኦቫሪ ላይ ከሚወጡት ሁሉ የተለመደው እሱ ነው። ከከረጢቱ ግድግዳ ሴሎች ይነሣል። ኢንሂቢን በብዛት ያመርታል፣ ብዙ ጊዜም ቴስቶስትሮን። እንደ ድንጉላ የሚያደርጋት ቴስቶስትሮኑ ነው። ኢንሂቢኑ ደግሞ ኤፍ ኤስ ኤችን ስለሚያወርደው ጤነኛው ኦቫሪ ይሟሽሻል። እጅ አስገብተን ስንዳስስ አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽና ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ደስ የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ አካል አይዛመትም። የታመመው ኦቫሪ በቀዶ ጥገና ከወጣ ጠባይዋ ይመለሳል። ሌላው ኦቫሪም ከወራት በኋላ ሥራ ይጀምራል። ሳትዘገዩ አስመርምሯት። እስከዚያው ልጆች ወደ እሷ አይጠጉ።

ባለጋሪ ኮላድባ | ጥር 23፣ ጠዋት

ዶክተር፣ ታዲያ የሚጠቅም መርፌ የለም ማለት ነው?

ሐኪም ከአዘዞ | ጥር 23፣ ከሰዓት

አለ እንጂ። ጊዜውን ካወቅክ አለ።

ፕሮስታግላንዲን ለላሞች ማዳቀያ የምንሰጠው ነው። ቢጫ አካሉን ያጠፋዋል። ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፣ ኤል ኤች ይነሣል፣ ባዝራዋ በጥቂት ቀናት ትፈልጋለች። ግን እንቁላል ከወጣች 5 ቀን ካልሞላ ቢጫ አካሉ ገና አይሰማውም። ባዝራዋ እርጉዝ ከሆነችም ያስጨነግፋታል። ስለዚህ ሳይመረመር አይሰጥም። ከተወጋች በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ልታልብ፣ ሆዷን ልትቆርጣት ትችላለች፣ ያልፋል። እርጉዝ ሴትና አስም ያለበት ሰው ይህን መድኃኒት በእጁ አይንካ። በቆዳ ይገባል።

ሌላው፣ የበሰለ ከረጢት ካላት እንቁላሏን የሚያስወጣ መርፌ አለ፣ ኤች ሲ ጂ። 35 ሚሊ ሜትር የደረሰ ከረጢት ሲኖር በሁለት ቀን ውስጥ ይሠራል። የእኛ አገር ባዝራ ትንሽ ስለሆነች ከረጢቷም ከዚያ ሊያንስ ይችላል። አልትራሳውንድ ሳይኖር መገመት ከባድ ነው።

ፕሮጄስትሮን ሰጥቶ ማቋረጥም አለ። ከረጢት እያደገ ነገር ግን እንቁላል አልወጣ ሲል ይረዳል። የሚሠራው ኤል ኤች ሊነሣ በሚችልበት ጊዜ ብቻ ነው።

ያንተዋ ጋሪ ጎታች ስለሆነች ግን መጀመሪያ የምጠይቅህ ስለ መርፌ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ከኮላድባ አዘዞ እየሮጠች ማታ ገለባ ብቻ ከበላች ሰውነቷ ለጽንስ የሚተርፈው ነገር የለም። ጥቂት ሳምንት አሳርፋትና አብላት። ከዚያ እንያት።

የአምባ ጊዮርጊሱ | መጋቢት 12፣ ምሽት

ሰላም ለሁላችሁ። ዶክተር እንዳሉት ገብስ ስጨምርላት ቆየሁ። ድርቆሽም ከጎረቤት ገዛሁ። ጎድኗ ተሸፍኗል። ትናንት ከድንጉላው ጋር በአጥር ሳገናኛት ጆሮዋን አልጣለችም። ጭራዋን አንሥታ ሸናች፣ ብልቷንም እየከፈተች ትዘጋለች። በጣም ደስ ብሎኛል። መርፌ አልነካትም።

አሁን አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ዘንድሮ በቅሎ እንድትወልድልኝ ነበር ሐሳቤ። በወንድ አህያ ላስጠቃት ወይስ በድንጉላ? እንደገና እንዳትጨነግፍ ፈራሁ።

ሐኪም ከአዘዞ | መጋቢት 12፣ ሌሊት

እንኳን ደስ አለህ!

በአህያ መጠቃቷ ችግር የለውም። ባዝራ ከአህያ ስትይዝ ካፖቹ አነስ ያሉ ናቸው፣ ቶሎም ይጠፋሉ። የኢ ሲ ጂው መጠንም ከፈረስ እርግዝና በጣም ያንሳል። ቢሆንም ብዙ ባዝራዎች በቅሎውን እስከ መጨረሻው ይሸከማሉ። ወገራ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቃል። የሚያሳስበኝ አህያውን እንዳትገፋው ብቻ ነው። ድንጉላውን በአጥር ወዲያ አቁምላት፣ እሱን እያየች አህያው ይውጣባት።

ትናንት ከጀመረች ዛሬና ነገ አትቸኩል። እንቁላል የምትወጣው መፈለጓ ሊያበቃ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ከሦስተኛው ቀን ጀምረህ አንድ ቀን እየዘለልክ አስጠቃት። እምቢ ስትል ተው። እምቢ ካለችበት ቀን ጀምረህ ቁጠርና በ16ኛው ቀን ገደማ አምጣት፣ በአልትራሳውንድ ይታያል። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ መንገዱ ይጨናነቃል፤ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ይሁን። የተጠቃችበትን ቀን ሁሉ ጽፈህ ያዝልኝ።